ወንድሜ ሲጠፋ ወደ ጄኔቫ የጻፍኩት ደብዳቤ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ። የቀለብ፣ የውርስ፣ የዝውውር፣ የጡረታ፣ የድንበር ክርክር። «ጉዳዩ፦» ብዬ ስጀምር ቀሪውን ጣቶቼ ራሳቸው ይጨርሱታል። ሰው ቆሞ ችግሩን ይነግረኛል፣ እያለቀሰም ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ ወደ አንድ ገጽ አወርደዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬ የገዛ ወንድሜ ሲጠፋ አንድ ደህና ደብዳቤ መጻፍ አቃተኝ።

አሁን ይህን የምጽፈው ሰዎች እየመጡ «ለተባበሩት መንግሥታት ጻፊልን» ስለሚሉኝ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ያደረግኩትንና የተሳሳትኩትን ነው የምነግራችሁ። የተሳሳትኩት ይበዛል።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። በርበሬ ወንዝ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጥር ውስጥ አንድ ሌሊት መታወቂያ ያላሳዩ ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። ጠዋት አከራዩ እትዬ ደወሉልኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ ግን ነይ» ነው ያሉኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፤ የዚያን ዕለት ግን ሐረጎ ጉም ውጦት ሚኒባሱ እየዳኸ ነው የወረደው። ስደርስ ክፍሉ ክፍት ነው። አልጋው ሥር ግማሽ የተጠጣ ሻይ አለ። ሁለቱም ጫማዎቹ በር ላይ ተቀምጠዋል። በነጠላ ጫማ ነው የወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እዚህ ስትጠይቁ «እኛ ጋ የለም»፣ እዚያ ስትሄዱ «ነገ ነይ»። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ይህን አንቀጽ ለስንት ሰው ማመልከቻ ውስጥ እንደከተትኩት! 48ቱ ሰዓት አለፈ። ሳምንት ሆነ። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አስገባን፣ «አልያዝንም» የሚል መልስ መጣ። ካልያዛችሁት ደግሞ ልቀቁት አይባልም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የምሄድበት ጠፋኝ።

አንድ ሌሊት ሱቅ ዘግቼ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። «ግፍና በደል ከአቅም በላይ ሆኖ»፣ «አረመኔያዊ በሆነ መንገድ»፣ «ዓለም ዝም ባለበት በዚህ ሰዓት»... እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። ስጨርስ ቀለል አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር። በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወረዱ፣ መሰረዝ ጀመሩ። እየሰረዙ ሦስቱንም ገጽ ጨረሱት። ያልተሰረዘው አራት መስመር ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሙሾ ነው» አሉኝ። «ሙሾ ጎረቤት ያስለቅሳል እንጂ ዶሴ አያስከፍትም።»

ተናድጄባቸው ነበር። በኋላ ግን ደንቡን ራሴ ሳነበው እውነታቸውን ነው። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 ለአቤቱታ ሰባት መስፈርት ያስቀምጣል፣ አንዱ በቀጥታ ስድብና ማንቋሸሽ ያለበት ጽሑፍ አይሁን ይላል። ሌላው ደግሞ ከመገናኛ ብዙኃን ዜና ብቻ የተለቀመ አይሁን ይላል። እኔ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ። ሁለተኛው ገጽ ሙሉውን ፌስቡክ ላይ ያነበብኩት ነበር።

እናም እንደገና ተጀመረ። ጋሼ የትምህርት ቤት ደብተር አስገዙኝና መሐሉን በመስመር አስከፈሉኝ። በቀኝ «አይቼ»፣ በግራ «ሰምቼ»። ኮምቦልቻ ወርደሽ ለእያንዳንዱ ምስክር ይህን ጠይቂ አሉኝ፣ የነገሩሽንም በራሳቸው አፍ ጻፊው። ቀላል ይመስላል። እትዬ ቡና አፍልተው ተቀምጠን «ስንት ሰዎች ነበሩ?» ስላቸው «ኧረ መቶ ይሆናሉ!» አሉኝ። መቶ። አቦሉ ላይ መቶ የነበሩት ቶናው ላይ ሃያ ሆኑ። በረካው ላይ ደግሞ «ግቢ የገቡትን አይቻለሁ፣ ሰባት ናቸው፣ ውጭ የነበሩትን መኪና ሲዘጋ ነው የሰማሁት» አሉ። ሰባቱ በቀኝ፣ የመኪናው በር በግራ። እትዬ አልዋሹም። ወሎዬ ናቸው፣ ሐዘን ሲበዛባቸው ቁጥሩም አብሮ ይበዛል። ግን ያን መቶ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ማንም አያምነንም ነበር። «ምን ለብሶ ነበር?» ስላቸው ደግሞ ሳያመነቱ «ሰማያዊ ጃኬት» አሉ። በቀኝ ጻፍኩት።

ጥያቄ ስትጠይቁ መልሱን አብራችሁ አትስጡ። «የመንግሥት መኪና ነበረች አይደል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም ሰው አዎ ነው የሚላችሁ። «መኪናዋ ምን ዓይነት ነበረች?» በሉ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ማለት ነው ከባዱ።

አሁን ዋናው ስሕተቴ ጋ ደረስን፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ወንድሜን የወሰዱት እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ልማድ ያ ገና የእሑድ ሌሊት ነው፣ ስለዚህ ጥር 14 ብዬ ጻፍኩ። ጎን ያለው ተከራይ ተማሪ ደግሞ «ሰኞ» ነው የሚለው። እኔ እሱ ተሳስቷል አልኩ። ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰልኝ የአክስቴ ልጅ የእኔን «ጥር 14 ሌሊት 8 ሰዓት» ይዞ ጃንዋሪ 22 ከምሽቱ 8 ሰዓት አደረገው። በፈረንጅ ሰዓት ማለት ነው። አስቡት። ጃንዋሪ 22 ምሽት 8 ሰዓት ማለት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ ያኔ ወንድሜ ፋብሪካ ውስጥ ተረኛ ነበር! ፈርሞ ገብቶ ፈርሞ ነው የወጣው። መንግሥት «በተባለው ሰዓት ሥራ ላይ ነበር፣ ማስረጃውም ይኸው» ብሎ ቢመልስ ከዚያ ወዲያ የምንለው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 23 ቀን 2023 ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው። ልጁ ልክ ነበር። ጋሼ ባያዩት ኖሮ በስድስት ሰዓት ስሕተት ዶሴው ገና ሳይከፈት ይበላሽ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፣ ሰዓቱንም በሁለቱም፣ «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ» የሚለውንም በቃል አብራሩት። ያኛው ሰው ጄኔቫ ተቀምጦ «አጥቢያ» ምን እንደሆነ አያውቅም።

ስምም እንደዚሁ ነው። የወንድሜ ስም የክርስቲያን ነው፣ አያታችን መሐመድ ናቸው። ወሎ ነን፣ አትገረሙ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። በባንክ ደብተሩ አንድ ዓይነት፣ በቀበሌ መታወቂያው ሌላ ዓይነት፣ በፋብሪካው ባጅ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ያኔ ነው ያወቅኩት። ሦስቱንም ስም ሙሉ ጻፉ፣ ከሥር «እንዲህም ይጻፋል» ብላችሁ የቀሩትን ደርድሩ። አለበለዚያ አንድ እስረኛ መዝገብ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይባላል።

ወዴት ነው የሚላከው? መጀመሪያ እኔ «ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት» ነበር የምለው። ጋሼ ሳቁብኝ። ክስና አቤቱታ ለየቅል ነው አሉኝ። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላለች፣ ግለሰብ መንግሥቱን በዚያ ቃል ኪዳን ኮሚቴ ፊት በቀጥታ እንዲከስ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። ታንዛኒያ አሩሻ ያለውን የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ያቋቋመውንም ፕሮቶኮል አላጸደቀችም። እነዚህ በሮች ለእኛ ዝግ ናቸው።

ክፍት የሆኑትም አሉ። ጋምቢያ ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አንዱ ነው፣ ግን እዚያ በአገር ውስጥ ያለውን መንገድ መጨረስ ወይም መንገዱ ያለ አግባብ መጓተቱን ማሳየት አለባችሁ። ጄኔቫ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሥራ ቡድን የሚባሉ አሉ። የሰዎችን በግዳጅ መሰወር የሚከታተለው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው የተቋቋመው፣ የዘፈቀደ እስርን የሚመረምረው በ1991። እያንዳንዳቸው አምስት ባለሙያ አላቸው፣ ደመወዝ አይከፈላቸውም። እነዚህ መንግሥት ያንን ወይም ይህን ውል ፈረመ አልፈረመ አይሉም፣ የአገር ውስጡን ጨርሳችሁ ኑም አይሉም። የት እንዳለ የሚታወቅ ከሆነ የእስሩ፣ የማይታወቅ ከሆነ የመሰወሩ። የእኛ ሁለተኛው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሰውዬው ከጠፋ ሦስት ወር ካልሞላው በአስቸኳይ ነው የሚታየው። ካለፈ ይቀበሉታል፣ ግን በመደበኛው ተራ ነው የሚሄደው። እኔ በእነዚያ ሦስት ገጾች፣ በንዴትና «ሰው ምን ይለኛል» በማለት አርባ ቀን አቃጥያለሁ። የላኩት በ41ኛው ቀን ነው።

የሚፈልጉት ያን ያህል አይደለም። ሙሉ ስም፣ የጠፋበት ቀን፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ፣ ማን እንደወሰደው የሚታመነው፣ ቤተሰቡ እስካሁን የት የት እንደሄደ። እና የቤተሰቡ ፈቃድ። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉ። እናቴን ሳልጠይቅ ልልክ ነበር። ጋሼ ናቸው «እናትሽ ያውቃሉ?» ያሉኝ። ምክንያቱም የላኪው ማንነት በምስጢር እንዲያዝ መጠየቅ ይቻላል፣ የጠፋው ሰው ስም ግን ለመንግሥት ይላካል፣ ካልተላከ ምን ብለው ይጠይቃሉ? ስለዚህ ቤተሰቡ ይህን አውቆ ነው እሺ ማለት ያለበት። እናቴ ሁለት ቀን አሰበች። ሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መጣችና «ላኪው» አለችኝ። ምስክሮቹንም አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ተማሪው ስሜ አይጠቀስ አለ፣ አልጠቀስኩትም። «አንድ ተከራይ» ሆኖ ቀረ። ሰው እምቢ ካለ እምቢ ነው፣ አትለማመጡት፣ አትቀየሙትም።

የተባበሩት መንግሥታት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም። እኛ በእንግሊዝኛ ነው የላክነው። ትርጉሙን ከአማርኛው ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ፣ ሰዓቱን አስታውሱ።

ፎቶና ቪዲዮ ካላችሁ ዋናውን ፋይል አትንኩ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ምስሉ ይጨመቃል፣ መቼና የት እንደተነሳ የሚናገረው መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። እኔ የተሰበረውን በር አንስቼ ለአክስቴ ልጅ እንደ ፎቶ ላክሁና ከስልኬ አጠፋሁት። ጅልነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ደላላም አለ፣ ብታምኑም ባታምኑም። አንድ ሰው ሱቄ መጥቶ «ጄኔቫ ሰው አለኝ፣ ፋይል ማስከፈቻ ስምንት ሺህ ብር ነው» አለኝ። ልሰጠው አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝ። ነጻ ነው! ቅጹም ነጻ፣ መላኩም ነጻ። ለእኔ የምትከፍሉት የጽሕፈት ብቻ ነው፣ ለዚህ ጉዳይ ደግሞ እሱንም አልቀበልም።

ከላክሁ በኋላ ደረሰን የሚል አጭር ኢሜል መጣ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ጉዳዩን ለመንግሥት በአስቸኳይ ልከነዋል የሚል ደብዳቤ ከመለያ ቁጥር ጋር። ቁጥሩን በብዕር ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍኩት። ቁጥር ሲኖር ሌላ ነገር ነው፤ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ስናመለክት ያንኑ ዶሴ ከቁጥሩ ጋር ነው የሰጠነው፣ እንደገና ከዜሮ አልጀመርንም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) አትርሱ፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ሲሠራ የኖረ የራሳችን ድርጅት ነው። ቀይ መስቀል ሌላ ነው። እሱ የተጠፋፋ ቤተሰብ ያገናኛል፣ ሥራውን በምስጢር ይይዛል፣ መንግሥትን በአደባባይ አይወቅስም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ቀይ መስቀል ሄዶ «ለምን መግለጫ አታወጡም» ብሎ ይጣላል። አይቻለሁ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሐቁን ልናገር፣ እኔም ብዙ አልጠብቅም ነበር። ደሴ ለጄኔቫ አዲስ አይደለችም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመትቷል፣ ሐኪሞቹ ተፈራርመው ያኔ ጄኔቫ ለነበረው የመንግሥታት ማኅበር የተቃውሞ ቴሌግራም ላኩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ንጉሡ ራሳቸው ጄኔቫ ቆመው ተናገሩ። ወዲያው ጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ተነሣ። ከእኛው ጊዜ ደግሞ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ በደረሰ ጊዜ፣ ከተሞቹ ከተለቀቁ አሥር ቀን ገደማ በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ። 21 አገር ደገፈ፣ 15 ተቃወመ፣ 11 ድምፅ አላሰማም። እኛ ሰፈር ግማሹ «ሊፈርዱልን ነው» አለ፣ ግማሹ «ሊፈርዱብን ነው» አለ። ኮሚሽኑ ስፍራው ድረስ እንዲገባ ስላልተፈቀደለት ብዙውን ምስክር በርቀት ነው የሰማው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ጊዜው አለቀ፣ የሚያራዝመው አልተገኘም። ጄኔቫ ጦር የለውም፣ እስር ቤት የለውም፣ ቁልፍ የለውም። ያለው ወረቀት ነው።

ግን ያ የሐኪሞቹ ቴሌግራም ዛሬም አለ። ሆስፒታሉ አልተመታም የሚል ሰው ቢመጣ የሚመለስለት ነገር አለ። እኔ ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም፤ ወንድሜ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ተብሎ እንዳይቀር ነው የፈለግሁት።

ወንድሜ ከአምስት ወር በኋላ ወጣ። በማያውቀው ሰው ስልክ ደወለልኝ። «መናኸሪያ ነኝ፣ የሚኒባስ ክፈይልኝ» አለኝ። ደብዳቤው ነው ያስፈታው ብዬ አልምልም። የት እንደነበር እሱ ሲፈልግ ይናገራል፣ የእኔ ታሪክ አይደለም።

የመጨረሻ ነገር። ሰው ሲገኝ ለላካችሁበት ሁሉ መንገር አለባችሁ፣ አለዚያ ዶሴው እንደተከፈተ ይቀመጣል፣ የተገኘ ሰው ጠፋ እየተባለ ደግሞ የሌሎቹንም ያሳማል። እኔ ይህን ለመጻፍ ሱቁ ውስጥ ስቀመጥ ወንድሜ አጠገቤ ነበር። ሻይ ይጠጣል፣ ከስቷል። ዶሴውን አንብብልኝ፣ ስሕተት ካለ አብረን እናርመው አልኩት። ቀስ ብሎ አነበበ። ቀኑ ልክ ነው አለ፣ ሰዓቱም። ሰባት መሆናቸውን እሱ አልቆጠረም። ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ሰማያዊ ጃኬት አልለበስኩም። ግራጫው ነው። ሰማያዊውን አንቺ ጋ ትቼው ነው የሄድኩት።»

ዞር ብዬ አየሁ። ከሱቁ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አምስት ወር ሙሉ በሩን ስከፍትና ስዘጋ እጄ ይነካው ነበር።

ኢሜሉን ጻፍኩ። መለያ ቁጥሩን አስቀደምኩ። ወንድሜ መገኘቱን አንድ መስመር፣ ጃኬቱ ግራጫ መሆኑን አንድ መስመር።